የፒክአፕ ባሌስትራ ለቢላዋ፦ በቤት ውስጥ በምን ልቁረጠው?

የጀሞው፦

ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ አካባቢ በተከራየሁት ግቢ ጓሮ፣ ቆርቆሮ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ ቢላዋ መሥራት ጀምሬአለሁ። መተዳደሪያዬ ሌላ ነው፤ ቀን ቢሮ እውላለሁ፣ ማታና ቅዳሜ ግን ልቤ ያለው ብረት ላይ ነው። ልሠራ የምፈልገው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጩቤ አይደለም። ጥሬ ሥጋ በአንድ ስበት የሚቆርጥ፣ ሽንኩርት ሲከትፍ የማያንሸራትት፣ እናቴ ክትፎ ስትከትፍ ክንዷን የማያዝል የወጥ ቤት ቢላዋ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀጭን ቢላዋ አንድ ሰሞን ይቆርጥና ከዚያ በኋላ ቢስሉት ቢስሉት ስለት አይይዝም።

ምናለሽ ተራ ወርጄ የፒክአፕ ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ሆኖ ክብደቱን እየተለመጠ የሚሸከመውን ጥፍጥፍ ብረት ገዛሁ። ስፋቱ 60 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ያለኝ መሣሪያ ብረት አንቆ የሚይዝ፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ሞርሳ፣ ባለ 115 ሚሊ ሜትር ትንሽ ግራይንደር፣ የእጅ ብረት መጋዝ፣ የእጅ መሰርሰሪያ ማሽንና ሦስት ዓይነት ሞረድ ነው። ባለ ቀበቶ የመሞረጃ ማሽን የለኝም።

ችግሬ መቁረጡ ላይ ነው። መጋዙ ባሌስትራው ላይ ይንሸራተታል፤ ብረቱ ያብለጨልጭና ጥርሱ ይረግፋል። ግራይንደሩ ይቆርጣል፤ ነገር ግን ዲስክ ይጨርሳል፣ ጩኸቱም ለጎረቤት አይመችም። ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛ ሕፃን አለ፣ አከራዬም ደግ ሴት ናቸውና ላስከፋቸው አልፈልግም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሥራው በቆመበት ይቀራል።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እነዚህን ነው። በትንሽ ግራይንደር ቀጥታውን ብቻ ሳይሆን የቢላዋውን ሆድና የእጀታውን ጉብጠት እንዴት ይቆርጡታል? ዲስኩ የሚፈጥረው ሙቀት ብረቱን ያበላሸዋል ወይ? አንድ ወዳጄ ፕላዝማ መቁረጫ (በኤሌክትሪክ በጋለ የጋዝ ጅረት ብረትን እያቀለጠ የሚቆርጥ ማሽን) ያለው ቤት ወስደህ በአንድ ጊዜ አስቆርጠው ብሎኛል፤ ይህስ ያዋጣል?

ከሳሪስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የምትጠቀምበትን ዲስክ ውፍረት ተመልከት። ሱቆች በብዛት የሚሰጡህ ወፍራሙን፣ ባለ 3 ሚሊ ሜትሩን ነው። ለዚህ ሥራ ባለ 1 ሚሊ ሜትር የመቁረጫ ዲስክ ጠይቅ። ቀጭኑ ዲስክ የሚያነሣው የብረት መጠን ከወፍራሙ ሲሶ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ ያልፋል፣ ሙቀቱም ጩኸቱም ይቀንሳል። ዕድሜው አጭር ይመስላል እንጂ በአንድ ዲስክ የምትቆርጠው ርዝመት ቢለካ ቀጭኑ አያንስም።

ዲስክ ስትገዛ መሐሉ ላይ ያለውን የብረት ቀለበት አንብብ። ዲስኩን አንድ ላይ የሚይዘው ሙጫ ጊዜ ሲያልፍበትና እርጥበት ሲነካው ይደክማል፤ በዚህ ምክንያት ቀለበቱ ላይ የሚያበቃበት ጊዜ ይታተማል። ክረምቱን እርጥብ ወለል ላይ ተቀምጦ የከረመ ዲስክ በነፃ ቢሰጡህም አትውሰድ። የፍጥነት ወሰኑም እዚያው ተጽፎአል። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር፣ ባለ 230 ሚሊ ሜትሩ ግን 6,650 ዙር ብቻ ነው የሚፈቀድለት። ሽፋኑን ፈትተው ትልቅ ዲስክ በትንሽ ማሽን ላይ የሚያስሩ ሰዎች አይቻለሁ። ያ ዲስክ ከወሰኑ በላይ ሲሽከረከር ይፈነዳል፤ ስብርባሪው የሚሄድበትን ማንም አያውቅም። ሽፋኑን አትፍታ።

ለጉብጠቱ ዘዴው ይህ ነው። ቀጭን ዲስክ ጠምዘዝ ሊል አይችልም፤ ቀጥታ ብቻ ነው የሚሄድ። ቅርጹን በማርከር ከሣልህ በኋላ ከመስመሩ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ውጭ እየሆንህ አጫጭር ቀጥታ ቁራጮችን አንሣ። ሆዱ ማዕዘን ማዕዘን ያለው ሆኖ ይቀራል። ወደ ውስጥ ለሚገባው የእጀታ ጉብጠት ደግሞ ከዳር እስከ መስመሩ ጫፍ ድረስ ጎን ለጎን ብዙ ቅዶች ቅደድና መሐል የቀሩትን ስስ ጣቶች በመዶሻ ስበራቸው። የተረፈውን ማዕዘን በወፍራም የመሞረጃ ዲስክ፣ በኋላም በሞረድ አስተካክል። የመቁረጫ ዲስክን በጎኑ መሞረጃ ማድረግ ግን ክልክል ነው፤ ለጎን ግፊት አልተሠራም።

ሙቀቱን በሚመለከት፣ ጠርዙ ሰማያዊ ቢሆን አትደንግጥ። ባሌስትራውን በኋላ እንዲጠነክር አግለህ ዘይት ውስጥ ስለምትከተው የአሁኑ ቀለም ያኔ ይጠፋል። መጠንቀቅ ያለብህ ድጋሚ ሳታግል፣ በነበረው ጥንካሬ ልትጠቀምበት ያሰብኸው ብረት ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ ከአሮጌ ሞረድ ቢላዋ ስታወጣ። እንዲያ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ደርሶ ሰማያዊ የሆነው ቦታ ለስቶአልና ስለት አይይዝም።

ባለ ባሌስትራ፦

ልጄ፣ ጥያቄህን ሳነብ ደስ አለኝ። ከሳሪስ የጻፈልህ ስለ ዲስክ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ በተለይ የሽፋኑን ነገር ሁለት ጊዜ አንብበው። እኔ ግን ከዚያ በፊት የሚቀድም ነገር አለኝ። ዕድሜዬን ያሳለፍሁት ባሌስትራ ቤት ነው፤ የጭነት መኪና ባሌስትራ ሳጎብጥ፣ ስቀይር፣ ሳጠነክር። ስለዚህ ብረት የምነግርህ ከእጄ ነው።

አንተ መሣሪያ ትፈልጋለህ፤ ችግሩ ግን ያለው ብረቱ ላይ ነው። ባሌስትራ ከፋብሪካ ሲወጣ ሆን ተብሎ ጠንክሮ ነው የሚወጣ። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ተለምጦ ተመልሶ እንዲቀና ተደርጎአል። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ40 እስከ 48 አካባቢ ይገኛል። የመጋዝህ ጥርስ ከዚያ ይጠነክራል፤ ግን ብልጫው መቁረጫ የሚሆን አይደለም። መጋዙ የተንሸራተተብህ ለዚህ ነው። ብረቱ ሲያብለጨልጭ ያየኸው ጥርሱ መንከሱን ትቶ መወልወል ስለጀመረ ነው። እንዲህ ያለውን ብረት በጉልበት መታገል ዕቃ መጨረስ ነው። መጀመሪያ አለዝበው፤ ከዚያ በኋላ በእጅህ ባለው ነገር ሁሉ ይቆረጣል።

አለዛዘቡ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ባሌስትራውን ከቅባትና ከቀለም አጽዳ። ርዝመቱን በሁለት ወይም በሦስት ክፈል፤ ይህችን ብቻ በግራይንደር፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሕፃኑ በማይተኛበት ሰዓት ጨርሳት። ከዚያ ከሰል አቀጣጥል። ወናፍ ካለህ መልካም፤ ከሌለህ የፀጉር ማድረቂያ በቧንቧ ብታገናኝም ይነፋልሃል። መብራት ከጠፋ በእጅ ማራገብም ይቻላል፣ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። ይህን ሁሉ ደጅ ላይ አድርግ። በርህን ዘግተህ ከሰል አታቀጣጥል፤ የከሰል ጭስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል።

ብረቱን ፀሐይ ላይ አታግለው። ቀለሙን አታየውም፣ ታሳልፈዋለህ። ጀንበር ስትጠልቅ ወይም ጥላ ውስጥ ሥራው። እየቀላ ሲመጣ በሽቦ ያሰርሃት ማግኔት አስጠጋለት። ወደ 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔቱ መያዙን ይተዋል። ከዚያ ቀለሙ ትንሽ ፈካ እስኪል ብቻ ጠብቅና ቁራጩን እኩል አድርገህ አግለው። ጫፉ ቀልቶ መሐሉ ከጠቆረ ገና ነው። እኩል ሲሆን በደረቀ አመድ ውስጥ ቅበረው። አመዱ የተነፋና ፍጹም የደረቀ ይሁን፤ እርጥበት ካለው ብረቱን በቶሎ ያቀዘቅዘዋል፣ አንተ የምትፈልገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። እኔ የተቆረጠ በርሜል ሙሉ አመድ አለኝ። ከቢላዋው ብረት ጋር ሌላ ወፍራም የጋለ ብረት አብሬ እቀብራለሁ፤ እርሱ ሙቀቱን ያቆይልኛል። ቀጭን ቁራጭ ብቻውን ከሆነ አመድ ውስጥም ቢሆን ቶሎ ይበርድና እንደገና ይደድራል። አድረህ ጠዋት ስታወጣው ለብ ያለ ከሆነ በትክክል ተሠርቶአል ማለት ነው።

ከዚያ በላዩ ላይ ያለውን ጥቁር ቅርፊት አንሣ። ይህን አትዝለል፤ ቅርፊቱ ራሱ ጥርስ ይበላል። ሆምጣጤ ውስጥ ካሳደርኸው በሽቦ ብሩሽ ይለቅልሃል። ቀጥለህ የሞረድህን ጠርዝ ሞክርበት። ትናንት ይሸሽ የነበረው ብረት ዛሬ ሞረዱን ይይዘዋል፤ ድምፁም ከጩኸት ወደ ሻካራ ለስላሳ ድምፅ ይለወጣል፣ ሞርሳው ሥርም ግራጫ ብናኝ ይጠራቀማል። ይህን ድምፅ አንዴ ከለመድኸው ሌላ መለኪያ አትፈልግም።

ስለ ብረቱ ዓይነት ደግሞ እወቅ። ባሌስትራ ሁሉ አንድ አይደለም። የአሜሪካ መኪኖች በአብዛኛው 5160 የሚባለውን ነው የሚያስሩ፤ ካርቦኑ 0.6 በመቶ አካባቢ ሆኖ ትንሽ ክሮሚየም አለበት። የጃፓኖቹ ለዚያ የሚቀርብ ነው። ከቻይና የሚመጡት ከባድ መኪኖች ላይ ሲሊከንና ማንጋኒዝ የበዛበት ታገኛለህ። ሁሉም ለቢላዋ ይሆናሉ፤ ግን ከመልፋትህ በፊት ጣት የምታህል ቁራጭ አግለህ ለብ ባለ ዘይት ውስጥ ክተትና ሞረድ ሞክርባት። ሞረዱ መስታወት ላይ እንዳለ ከተንሸራተተ ብረቱ ይጠነክራል። ከነከሰው የገዛኸው ሌላ ነገር ነውና ቀሪው ላይ ጊዜህን አታጥፋ።

ሌላም ልንገርህ። የጋለ ብረትን በመሮ መቁረጥ የአባቶቻችን ዘዴ ነው፤ ዲስክም መብራትም አይፈልግም። ብረቱ ብርቱካናማ ሲሆን ከመስፉ ላይ (ብረት ከሚቀጠቀጥበት ወፍራም ብረት ላይ) አድርገህ መሮውን በመስመሩ ላይ አሳርፈህ ምታ። ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው አቁምና ከሥሩ ለስላሳ ላሜራ አንጥፍለት፤ አለዚያ መሮውም መስፉም ይጎዳሉ። 7 ሚሊ ሜትር ለወጥ ቤት ቢላዋ እጅግ ወፍራም ነው። በሞረድ ከማሳነስ ቀጥቅጦ ወደ 4 ማውረድ ይሻላል፤ ጉብጠቱም አብሮ ይቀናል። አንተ ቀጥቃጭ አይደለሁም ትል ይሆናል። እኔ ልጅ ሳለሁ ቀጥቃጭ መባል ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዘመን ኖረ። ዛሬ ቢሮ የሚውል ልጅ ማታ ማታ መዶሻ ሲያነሣ ሳይ ይህን እጽፍ ዘንድ ልቤ ያዘዘኝ ለዚህ ነው።

የጀሞው፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ አመዱ የጻፉልኝን ደግሜ ደጋግሜ አነበብሁት። ከሳሪስ ለጻፍህልኝም አመሰግናለሁ፤ ዲስኮቼን አየሁ፣ ቀለበታቸው ላይ ያለው ጊዜ ያለፈባቸው አግኝቼ ለይቻለሁ።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ከለዘበ በኋላ በእጅ መጋዝ ልቁረጥ ብል የትኛውን ምላጭ ልግዛ? የጠበበውን የእጀታ ጉብጠትስ ያለ ግራይንደር እንዴት አወጣዋለሁ? ፕላዝማውንም ማንም አልመለሰልኝም።

የወርክሾፕ መምህርት፦

ወንድሜ፣ እኔ አዳማ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ የሚይዙት የእጅ መጋዝ ነው፤ በማሽን የምናስጀምር ቢሆን የብረቱን ጠባይ አያውቁትም ነበር።

ምላጩን በጥርሱ ብዛት ነው የምትገዛው። በአንድ ኢንች ላይ 18፣ 24 ወይም 32 ጥርስ ያላቸው አሉ። ደንቡ በማንኛውም ቅጽበት ቢያንስ ሦስት ጥርስ ብረቱን መንካት አለበት የሚል ነው። ከሦስት ካነሰ ጥርሱ ጠርዙን ያንቃል፣ ይረግፋል። ለ7 ሚሊ ሜትር 18ም ይሠራል፤ እኔ ግን ለዚህ ብረት 24ን እመርጣለሁ። ቀጥቅጠህ ወደ 3 ካወረድኸው 32 ውሰድ። ጀርባው የሚተጣጠፍ፣ ጥርሱ ብቻ ከፈጣን መቁረጫ ብረት (ሃይ ስፒድ ስቲል) የሆነውን ሁለት ብረት የተበየደበት ምላጭ ጠይቅ። ሙሉ በሙሉ የደደረው ምላጭ ግን ትንሽ ከጠመመብህ ይሰበራል።

ጥርሱ ወደ ፊት ይታይ። ምላጩን አጥብቀህ ወጥረው፤ በጣትህ ስትነካው የሚያንቃጭል ይሁን። ስትገፋ ጫነው፣ ስትመልስ አንሣው። በደቂቃ ከ50 ምልልስ አትለፍ፤ የሚፈጥን ሰው ጥርሱን በሙቀት ያደነዝዘዋል። ምላጩንም ከጫፍ እስከ ጫፍ ተጠቀምበት፣ መሐሉን ብቻ አታመላልስ። ዘይት ጠብ እያደረግህ ቀጥል። አንድ ተማሪዎቼን የሚያስቸግር ነገር አለ፦ መሐል ላይ ምላጭ ደንዝዞ አዲስ ስትለውጥ በአሮጌው ቅድ አትቀጥል። የአዲሱ ጥርስ ግራና ቀኝ የከፈተ ስለሆነ ከአሮጌው ቅድ ይሰፋል፤ ይነክስና ይሰበራል። ብረቱን ገልብጠህ ከወዲያኛው ወገን ጀምር።

ለጠባቡ ጉብጠት ተርታ ቀዳዳ ቅደድ። ከመስመሩ ውጭ 3 ሚሊ ሜትር ርቀህ ሌላ መስመር ሣል። በእርሱ ላይ በየ5 ሚሊ ሜትሩ በነጥብ መምቻ ነጥብ ምታና በ4 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ተርታውን ሰርስር። በቀዳዳዎቹ መሐል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚቀር በመሮ ወይም በመጋዝ ታገናኛቸዋለህ። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ1,200 ዙር አይብለጥ፤ የእጅ ማሽንህ ፍጥነት የሚቆጣጠር ከሆነ ቀንሰው። ጫን ብለህ ግፋ፣ መሰርሰሪያው ሳይቆርጥ ከዞረ ቦታውን ያደድረዋል፤ ከዚያ ወዲያ እሺ አይልህም። እባክህን ብረቱን በእጅህ ይዘህ አትሰርስር። መሰርሰሪያው ሊወጣ ሲል ይነክስና ሙሉውን ቁራጭ ያሽከረክረዋል። ስትሰረስር ጓንትም አታድርግ፤ ጓንት በዚያ ሥራ ላይ እጅን ይጎትታል። የተንጠለጠለ ሻርፕም ሆነ ረጅም እጅጌ ከማሽን አጠገብ ቦታ የለውም።

ስለ ፕላዝማው፣ ይቆርጥልሃል፣ ውጤቱም የሚያምር ይመስላል። ነገር ግን ጠርዙ ቀልጦ ወዲያው ዙሪያው ባለው ቀዝቃዛ ብረት ሙቀቱን ይነጠቃል። እንዲህ ያለ ካርቦን ያለው ብረት ሲሆን ጠርዙ ላይ ስስ የደደረ ቆዳ ይሠራል፤ ሞረድህ እዚያ ላይ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ጥቃቅን ስንጥቅ ይተዋል። ማስቆረጥ ከፈለግህ ከመስመሩ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ እንዲተዉ ንገራቸው፤ ከዚያ ጋሽ ባለ ባሌስትራ እንዳሉት አለዝበው። ቅደም ተከተሉ ለፕላዝማ የተገላቢጦሽ ነው፦ መጀመሪያ ቁረጥ፣ በኋላ አለዝብ። የጋዝ መቁረጫም እንደዚሁ ነው፣ እንዲያውም የሚያሞቀው ስፋት ይበልጣል።

ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ወገኖቼ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ቢላዋ የምሠራው መኪና ማቆሚያዬ ውስጥ ነው። ጎረቤት የሚያስከፋ ጩኸት ላልኸው በጣም የረዳኝ በእጅ የሚያዝ ባንድ ሶው (ምላጩ እንደ ቀበቶ እየዞረ የሚቆርጥ የማሽን መጋዝ) ነው፤ ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ገልብጬ ሞርሳ ላይ አስሬ ትንሽ የብረት ጠረጴዛ ሠርቼለታለሁ። ብልጭታ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጉብጠትም በመጠኑ ይታዘዛል። ከግራይንደር ጋር ሲነጻጸር ጩኸቱ በጣም ያነሰ ነው። ብረቱ ግን የለዘበ መሆን አለበት፤ በደደረ ባሌስትራ ላይ ምላጩ ወዲያው ያልቃል። በዚህ ጋሽ ባለ ባሌስትራ ትክክል ናቸው።

ወዳጅ ዘመድ ይህን ማሽን ከአሜሪካ ላምጣልህ ቢልህ አንድ ነገር አስብ። የዚህ አገር ማሽን የሚሠራው በ120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ ብትሰካው ይቃጠላል። በባትሪ የሚሠራውን ከሆነ ቻርጀሩ 220 ቮልት ይቀበል እንደሆነ ጀርባው ላይ አንብቡ። ከዱባይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ለ220 የተሠራ ስለሆነ እርሱ ይመረጣል።

የእንጨት ባንድ ሶው ያላቸው ሰዎች ብረት ይቆርጥልናል ብለው ይሞክራሉ። አይሆንም። የእንጨቱ ምላጭ በደቂቃ ከ800 ሜትር በላይ ይሮጣል፤ እንዲህ ላለው ብረት ከ25 እስከ 50 ሜትር ነው የሚበቃው። በእንጨቱ ፍጥነት ብረት ብትቆርጥ ጥርሱ በሙቀት ይቃጠላል።

እኔ የምገዛው ከፋብሪካ ለዝቦ የሚመጣ 1084 የሚባል ብረት ነው፤ ካርቦኑ 0.84 በመቶ አካባቢ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር። ለጀማሪ ይህን የመሰለ የለም። የምታውቀው ሰው ሲመጣ የሻንጣ ርዝመት ያለው አንድ ቁራጭ ቢያመጣልህ ሁለት ቢላዋ ይወጣዋል። ባሌስትራውን ግን አትተወው፤ ለክትፎ ክብደት ያለው ቢላዋ ነው የሚፈለገው፣ ለእርሱ ከባሌስትራ የተሻለ አላውቅም።

ባለ ባሌስትራ፦

እኅቴ መምህርቷ የጻፈችውን ሁሉ አጽድቄአለሁ። በተለይ የአዲሱን ምላጭ ነገር ብዙ ሰው አያውቀውም።

ልጄ፣ መቁረጥ ከመጀመርህ በፊት አንዲት ነገር ልጨምርልህ፤ እስካሁን ማንም አላነሣትም። ያገለገለ ባሌስትራ የተሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። መኪናው በየመንገዱ ሲያናውጠው ኖሮአል፤ ስንጥቁ በተለይ ማዕከላዊው ቡሎን ባለበት ቀዳዳ ዙሪያና በመያዣው አጠገብ ይጀምራል። በዓይን አይታይም። ቢላዋውን ቀጥቅጠህ፣ ሞርደህ፣ አሳምረህ ዘይት ውስጥ ስትከተው ግን ጢን ብሎ ይከፈታል። የዚያን ጊዜ ልፋትህ ሁሉ ሄደ። ስለዚህ ከመሐሉ ቀዳዳ ግራና ቀኝ አራት ጣት ያህል ቆርጠህ ጣል፤ ቢላዋህን ከክንፎቹ አውጣ።

የቀረውንም መርምረው። በሽቦ ብሩሽ አጽዳና ነጭ ጋዝ ውስጥ አሳድረው። ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገህ ጠርገህ ላዩን በሙሉ ጠመኔ ፈጭተህ አልብሰው። ደረቅ ቦታ አስቀምጠውና ቆይተህ ተመልሰህ እየው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ነጭ ጋዝ ይወጣና ጠመኔው ላይ ቀጭን የረጠበ መስመር ያሳይሃል። ባሌስትራ ቤት የምንሠራበት የቆየ ዘዴ ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። መስመር ካየህ ያንን ቁራጭ ለቢላዋ አታስበው፣ ለመሮ ወይም ለሌላ ነገርም ቢሆን። ከዚህ ምርመራ በኋላ ነጭ ጋዙን በሳሙና አጥበህ አድርቀው፤ እንዲያው ርጥብ እያለ እሳት አጠገብ እንዳታደርሰው። ግራይንደር ስትይዝም የነጭ ጋዙ ጣሳ ከክፍሉ ውጭ ይሁን፣ ብልጭታ ካሰብኸው በላይ ርቆ ይሄዳል። ስትጨርስም ወዲያው ዘግተህ አትሂድ፤ ጥግ ላይ ጨርቅ ወይም ካርቶን ውስጥ የወደቀ ብልጭታ ቆይቶ ነው የሚጨስ።

ወደ ማግለሉ ስትደርስ የባሌስትራውን የመኪና ዓይነት ጻፍልኝ፤ የዘይቱንና የመመለሻ ሙቀቱን (ከደደረ በኋላ እንዳይሰበር ጥቂት የሚያለዝበውን ሙቀት) ነገር በዚያው ልክ እነግርሃለሁ።